የአራዳው ሌላው ጊዮርጊስ

አራዳ ሁለት ጊዮርጊሶች አሉት። አንደኛውን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አይገኝም፤ ታቦቱ ዓድዋ የዘመተው፣ ንግሥት ዘውዲቱና ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት ባለ ስምንት ማዕዘኑ ደብር ነው። ሁለተኛው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ቆሞ ሳለ፣ በአጥሩ ሥር ዘወትር የሚመላለሰው መንገደኛ እንኳ ስለ እርሱ ቢጠየቅ «የአርመኖች ነው» ከማለት በቀር የሚጨምረው ቃል የለውም። የቤተ ክርስቲያኑ ስም በባለቤቶቹ ልሳን «ሱርፕ ኬቮርክ» ነው። «ሱርፕ» ቅዱስ ማለት ሲሆን «ኬቮርክ» ደግሞ ራሱ ጊዮርጊስ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንድ ሰማዕት ስም የተጠሩ፣ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ቅዳሴ በጆሮው እንጂ በልቡናው የማያደምጥ ናቸው።

ለነገሩ ያ መንገደኛ ለአርመኖች የእጅ ሥራ ባዳ አይደለም። አዲስ አበባ ገና መንገድ ስታበጅ መሬቱን ሲደለድል የታየው የእንፋሎት ሞተር «የሰርኪስ ባቡር» የተባለው ባመጣው ሰው በሰርኪስ ቴርዚያን ስም ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች በፎቶግራፍ ያስቀሩልን ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ናቸው። አርቲስቲክ ማተሚያ ቤት የሚለው ስም ያረፈባቸውን አሮጌ የአማርኛ መጻሕፍት በመደርደሪያው የያዘ አንባቢ ሁሉ፣ ማተሚያ ቤቱ የጄራሂያን መሆኑን ባያውቅም የአርመን እጅ የነካውን ገጽ ሲገልጥ ኖሯል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ላይ የተሰማው ብሔራዊ መዝሙር ቃሉ የዮፍታሔ ንጉሤ፣ ዜማው የኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ከዚያ በኋላ ለተነሣው የሙዚቃ ትውልድ መምህርና አቀናባሪ ሆኖ አልፏል። ጫማ ሰፊውን፣ ወርቅ አንጣሪውን፣ ልብስ ሰፊውን መቁጠር አያስፈልግም፤ አራዳ ራሷ ታውቃቸዋለች።

ታዲያ እጃቸው አገር ዳር የደረሰ ሰዎች ጸሎታቸው ከአጥር ያልወጣበት ምክንያት ምንድን ነው? ጥያቄው የታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ጸሐፊዎች ተትቶ ማለፍ ይቻል ነበር። ዛሬ ግን የአንድ ቤተ ክርስቲያን የመኖርና ያለመኖር ጥያቄ ሆኗል።

በመጀመሪያ፣ እምነት አጥር እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። የአርመንና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ከግብጽ፣ ከሶርያና ከህንድ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚቆጠሩ፣ የኬልቄዶንን ጉባኤ ያልተቀበሉ አኃት ናቸው። በጥር 1957 ዓ.ም. የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአዲስ አበባ በተሰበሰቡ ጊዜ የኤችሚያድዚኑ ካቶሊኮስ ቀዳማዊ ቫዝጌን ከእንግዶቹ አንዱ ነበሩ። ግንኙነቱም የዚያን ዘመን አይደለም። በ16ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ እቴጌ እሌኒ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላኩት መልእክተኛ «አርመናዊው ማቴዎስ» ተብሎ የሚታወቀው ሰው ነው፤ ከብዙ እንግልት በኋላ ተመልሶ በደብረ ቢዘን ዐርፏል። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ማብቂያም በንጉሡ እጅ የነበሩትን አውሮፓውያን እስረኞች እንዲያማልዱ ከኢየሩሳሌም የተላኩት ሁለት የአርመን ካህናት ነበሩ። አማላጅነት ለእነርሱ የተሰጠው በሃይማኖት ዘመድ ናቸው ተብሎ መሆኑ አያጠራጥርም።

የአምልኮው ሥርዓት ራሱ ለኢትዮጵያዊ ጆሮና ዓይን እንግዳ አይደለም። የአርመን ዲያቆን በረጅም ዘንግ ላይ የተሰካ፣ ዙሪያውን ትንንሽ ቃጭሎች የተንጠለጠሉበት የብረት ክብ ይዞ ሲያንቀጠቅጠው ለሰማ ጸናጽል ትዝ ማለቱ አይቀርም። መጋረጃው ይዘጋል፣ ይከፈታል። «ቅዱስ እግዚአብሔር» የሚለው ጸሎት በዚያም አለ፤ ስለ እኛ የተሰቀለ የሚለው ተጨማሪ ቃል ሳይቀር። እኛ ዐሥራ አራት ቅዳሴያት ሲኖሩን እነርሱ የሚቀድሱት በአንዱ ብቻ ነው፤ ያም በአትናቴዎስ ስም የሚጠራ ነው፤ ከእኛው ቅዳሴ አትናቴዎስ ጋር በስም እንጂ በቃል አንድ ባይሆንም። ልዩነት ቢፈለግ ደግሞ ይገኛል፤ ኅብስታቸው ያልቦካ፣ ወይናቸው ውሃ ያልነካው ነው። ዳሩ ግን ይህን ለይቶ የሚጠይቅ ሊቅ እንጂ ተራ ምእመን አይደለም።

እምነቱ ይህን ያህል ከተቀራረበ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ መስበክ ማለት ምን ማለት ሊሆን ይችል ነበር? ለማን? ጎረቤቱ ሁሉ የተጠመቀ፣ የሚጾም፣ ታቦት የሚያነግሥ ነው። የአርመን ቄስ ወደ አራዳ ገበያ ወጥቶ ቢሰብክ የእኅቱን ቤተ ክርስቲያን በጎች መቀማት ይሆንበት ነበር፤ እንግዳ ሆኖ በተቀበለው አገር ደግሞ ይህ ነውር ነው። ስለዚህ ሱርፕ ኬቮርክ ለማንም «ና» ብሎ አልጮኸም። ዝምታው ከጨዋነት የመጣ ነው፤ ኩራት ነው ብሎ የሚፈርድ ካለ አልገባውም። ሆኖም ጨዋነትም ዋጋ ያስከፍላል።

ዋጋውን ለመረዳት የማኅበሩን ቁጥር ማየት ያሻል። በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን ቱርክ አገር የተጀመረው እልቂት ከአንድ ሚሊዮን በላይ አርመናውያንን ሲፈጅ የተረፈው በየአገሩ ተበተነ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ በአርመኖቹ ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች በነሐስ ሙዚቃ ሲቀበሏቸው ልባቸው ተነካ፤ ከፓትርያርኩ ጋር ተነጋግረው አርባውን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። ልጆቹ በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ደረሱ። እስከ ዛሬ «አርባ ልጆች» ይባላሉ። ኬቮርክ ናልባንዲያን የሙዚቃ መሪያቸው ነበር። ከእነርሱ በፊት መጥተው ከነበሩት ነጋዴዎችና የእጅ ባለሞያዎች ጋር ተጨምረው ማኅበሩ ሰፋ፤ ማቲግ ኬቮርኮፍ የተባለው ባለጸጋ ትምህርት ቤት አሠራ፤ ቤተ ክርስቲያኑም በ1920ዎቹ ዓ.ም. ታነጸ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት የማኅበሩ ቁጥር ወደ 1,200 ደርሶ ነበር። ያ ቁጥር በአንድ ከተማ ውስጥ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ትምህርት ቤት ለመሙላት፣ መዘምራን ለማቆም፣ ሙሽሮችን ከማኅበሩ ውስጥ ለማጋባት የሚበቃ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ ሰው መፈለግ አላስፈለገውም፤ ሰው በቤት ውስጥ ይወለድለት ነበርና።

ከዚያ በኋላ አብዮቱ መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ማተሚያ ቤቶችና ፋብሪካዎችም ሲወረሱ፣ በንግድና በእጅ ሞያ የቆመው ማኅበር ሥሩ ተነቀለ። ካናዳ፣ አሜሪካና አውስትራሊያ የብዙዎቹ መድረሻ ሆኑ። ዛሬ በአዲስ አበባ የቀሩት ከ100 አይበልጡም። ከእነርሱም ብዙዎቹ በአንድ ወገን ኢትዮጵያዊ ናቸው፤ በአንድ ወገን ማለት ራሱ ስሕተት ይሆን ይሆናል፤ በሁለቱም ወገን ኢትዮጵያውያን፣ በአንዱ ወገን ደግሞ አርመን ናቸው ቢባል ይሻላል።

የምእመናንን ልብ የመድረስ ችግር እውነተኛ መልኩን ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት «እንግዳውን እንዴት እንድረሰው?» ብለው ይጨነቃሉ። ሱርፕ ኬቮርክ የሚጨነቀው የራሱን ልጅ እንዴት እንደሚደርሰው ነው።

አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ ትታሰብ። የአባቷ አያት ከአርባ ልጆች አንዱ ነው፤ እናቷ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። በቤት አማርኛ ትናገራለች፤ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ተጨምሮላታል። አያቷ በሕይወት ሳሉ ምዕራባዊ አርመንኛ ያነጋግሯት ነበር፤ ዛሬ ከዚያ የቀሯት የምግብ ስሞችና የማቆላመጫ ቃላት ናቸው። ይህ ምዕራባዊ አርመንኛ የኦቶማን አገር አርመኖች ልሳን ስለ ነበር ከተናጋሪዎቹ ጋር ተበትኖ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡ ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ይሁን እንጂ ልጅቱ እርሱን አቀላጥፋ ብትናገር እንኳ በቤተ ክርስቲያን የሚባለው አይገባትም ነበር፤ ምክንያቱም ቅዳሴው የሚባለው በሌላ ቋንቋ፣ ግራባር በተባለው ጥንታዊ አርመንኛ ነው። ቅዱስ ሜስሮፕ ማሽቶትስ በ405 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሠላሳ ስድስቱን ፊደላት ሲቀርጽ መጽሐፍ ቅዱስ የተተረጎመበት ልሳን ይህ ነው። እንግዲህ በልጅቱና በመንበሩ መካከል ያሉት ደረጃዎች ሁለት ናቸው፤ የመጀመሪያውን ያልወጣ ሁለተኛውን አይረግጠውም።

«እኛስ በግእዝ አይደለም እንዴ የምንቀድሰው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው። የገጠሩ ገበሬ ግእዝ ሳይናገር ቅዳሴውን ቆሞ ያስቀድሳል፣ በተሰጥኦው ቦታ ይመልሳል፣ ሳይተረጎምለት ይጠግባል። ነገር ግን ከግእዙ ጀርባ ያለውን ማየት ያስፈልጋል፤ ንባብ ቤቱ፣ ዜማ ቤቱ፣ ቅዳሴ ቤቱ፣ ቅኔ ቤቱ አለ። በየገዳሙ ደበሎ ለብሶ ቁራሽ እየለመነ የሚማር ተማሪ አለ፤ እርሱን የሚመግብ የመንደር ሰው አለ። ከአፍ መፍቻነት የወጣ ቋንቋ በአምልኮ ሊኖር የሚችለው እንዲህ ያለ የአገር ስፋት ሲሸከመው ነው። የአዲስ አበባው ግራባር ተሸካሚው ከመቶ ያነሰ ሕዝብ ነው። የኬቮርኮፍ ትምህርት ቤትም ማኅበሩ ከመነመነ ወዲህ ከአርመን ልጆች ይልቅ የሌሎች ኢትዮጵያውያን ልጆች መማሪያ ሆነ። ለጎረቤት መልካም ነገር ነው፤ ለመዘምራኑ ግን ተተኪ አላስገኘም።

ከቋንቋው የባሰው ደግሞ የካህን መታጣት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ነዋሪ ቄስ ካጣ ቆይቷል። ዲያቆን ጸሎተ ሰዓታትን ሊመራ፣ መዝሙር ሊያዜም፣ ወንጌል ሊያነብ ይችላል፤ «ባዳራክ» የሚሉትን ቅዳሴ ግን ያለ ቄስ አይቀድስም፤ በእኛም ዘንድ ሕጉ ያው ነው። ስለዚህ ቁርባን ካህን ከውጭ የሚመጣበትን በዓል ይጠብቃል። ከማኅበሩ ወጣቶች አንዱ ለክህነት ይማር ቢባል ወደ ኤችሚያድዚን፣ ወደ ሊባኖስ አንቴሊያስ ወይም ወደ ኢየሩሳሌም መላክ አለበት፤ ተምሮ የሚመለሰው ደግሞ ወደ ጥቂት ቤተሰቦች ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ወጣት ራሱ በጣት የሚቆጠር በሆነበት ስፍራ ይህን መጠየቅ ቀላል አይደለም።

መፍትሔ ተብሎ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ቅዳሴውን በአማርኛ ማድረግ ነው። ልጅቱ ትሰማለች፤ እናቷም ትሰማለች፤ መንገደኛውም ገብቶ ሊቆም ይችላል። ነገሩ ግን የሚመስለውን ያህል ቀና አይደለም። አማርኛ ለሚያስቀድስ ሰው በዚያው በአራዳ ታላቁ ጊዮርጊስ ቆሞለታል፤ ማሕሌቱ ከነከበሮው፣ ካህናቱ ከነጥንጋቸው። ሱርፕ ኬቮርክ በአማርኛ ቢቀድስ ጎረቤቱ አስፍቶና አድምቆ የሚያደርገውን አሳንሶ ከመድገም በቀር ምን ይጨምራል? ማኅበሩ የዳነበት ምክንያት ሌላ ነው። የሞቱት የጸለዩበትን ቃል እንዳለ ማሰማት ነው። የኤችሚያድዚን ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2015 የእልቂቱን ሰለባዎች በቅዱሳን ማዕርግ ስትቆጥር፣ በአዲስ አበባ ላሉት የአርባ ልጆች ዘሮች የዚያ ስም መዝገብ የቤተሰብ መዝገብ ነበር። ያን ስም በየትኛው ቋንቋ መጥራት እንደሚገባ ለእነርሱ ማስተማር የማንም ድርሻ አይደለም።

የሆነ ሆኖ በሁለቱ መካከል መንገድ የለም ማለት አይደለም። ስብከቱን በአማርኛ፣ ቅዳሴውን በግራባር ማድረግ አንዱ ነው፤ የእኛም አድባራት ይህንኑ በግእዝና በአማርኛ ሲያደርጉት ኖረዋል። ሁለተኛው ደግሞ ያልተለመደ ቢሆንም ሊናቅ አይገባም። «ሃይር መር» ብሎ የሚጀምረው አቡነ ዘበሰማያታቸው ቃሉ እንዳለ በግእዝ ፊደል ቢጻፍ፣ ያቺ ልጅ ከነገ ጀምሮ ከዲያቆኑ ጋር ልታዜመው ትችላለች። ትርጉሙ ከሥሩ በአማርኛ ይሰፍርላታል። አረጋውያኑ ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸው ይሆናል፤ ፊደላቸው ለእነርሱ ከቤተ ክርስቲያን ጉልላት የማያንስ ነገር ነውና። ነገር ግን ታሪካቸው ራሱ ተቃራኒውን ምሳሌ ይዟል። በኦቶማን ዘመን አያሌ አርመናውያን አርመንኛ ጠፍቶባቸው ቱርክኛ ብቻ ሲናገሩ ያንኑ ቱርክኛ በአርመን ፊደል ይጽፉት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1851 በኢስታንቡል የታተመው «የአካቢ ታሪክ» የተሰኘ ልብ ወለድ ቋንቋው ቱርክኛ፣ ፊደሉ አርመንኛ ነው። እነዚያ ልሳኑ ቢጠፋባቸው ፊደሉን አተረፉ። የአዲስ አበባዎቹ ደግሞ ልሳኑን ለማትረፍ ለጊዜው ፊደል ቢበደሩ ምን ነውር አለው? ያውም የሚበደሩት በግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤታቸው ለስድስትና ለሰባት ዓመት ሕፃናት ሀሁ ብሎ የሚያስቆጥረውን ነው።

ይህ ችግር ከአርመኖች ጋር ብቻ የተወለደ አድርጎ መቁጠርም አይገባም። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያሉት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አድባራት በተገላቢጦሽ ያንኑ እያዩት ነው። እዚያም ልጆች እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ አማርኛ የወላጆች ነው፤ ግእዝ የካህናት። የአገር ልጅ ናፍቆት የሠራውን ደብር የናፍቆቱ ወራሽ ያልሆነው ልጅ እንዴት ይረከበው? ሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ያስቆጥራል፤ ስብከት በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ተሰጥኦው በላቲን ፊደል ተጽፎ ይታደላል። ያ ያለ ነቀፋ የሚሠራ ከሆነ ለኬቮርክ ልጆች በግእዝ ፊደል መጻፍ ለምን ያስደነግጣል? ሆኖም አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ወደ ዋሽንግተን በየዓመቱ አዲስ ኢትዮጵያዊ ይመጣል፤ አማርኛ ይዞ፣ የዜማ ትዝታ ይዞ። የደከመውን ማኅበር የሚያድሰው ይህ የማያቋርጥ ጅረት ነው። ወደ አዲስ አበባ ግን አርባ ልጆች ሁለተኛ አልመጡም።

ጅረቱ የቆመባቸው ቦታዎች ምን እንደሚሆኑ ደግሞ ዓለም አሳይቶናል። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ እ.ኤ.አ. በ1781 የተሠራው የአርመን ቤተ ክርስቲያን ነጋዴዎቹ አልቀው ሕንፃው ቀርቷል። በሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1835 የተሠራው ደግሞ የአገሪቱ ቅርስ ሆኖ በክብር ተጠብቋል፤ ጎብኚ ይገባዋል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ቅርስ መሆን ክፉ ነገር አይደለም። ቢሆንም የቅርስ ጥበቃ ሠራተኛ ለሕንፃው እንጂ ለዜማው ዘብ አይቆምም፤ ጣሪያ ይጠግናል እንጂ «ሃይር መር» አይልም።

በአዲስ አበባ ግን ነገሩ እዚያ አልደረሰም። ዋሄ ቲልቢያን የተባለው ድምፃዊ በአርመንኛም በአማርኛም ሲዘፍን፣ የአርባ ልጆች ወሬ ካልጠበቁት ወጣቶች ጆሮ ይገባል። ናልባንዲያኖች በነሐስ መሣሪያ የከፈቱትን በር ዘፈን እንደገና ገፋ አድርጎታል፤ ይህ ማኅበር ከጥንት ጀምሮ ወደ አገሩ ሕዝብ የደረሰው በሙዚቃና በእጅ ሥራ መሆኑን ላስታወሰ ሰው አይደንቅም። ማኅበሩ ሰው ለመጥራት ቢፈልግ የሚጠራበት ድምፅ ከዚህ ሊጀምር ይችላል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ በበዓል ቀን በሩን ከፍቶ ለጎረቤት ማሰማት፣ ለታላቁ ጊዮርጊስ መዘምራን ጥሪ መላክ። ይህ በግ መቀማት አይደለም። መንገደኛው እንደ ገባ ይወጣል፤ ቢያንስ ከእንግዲህ ሲጠየቅ «የአርመኖች ነው» ብሎ ብቻ አያቆምም።

ለዚህ ከሁሉ የሚመቸው ቀን ልደት ነው። አርመኖች ልደትንና ጥምቀትን ለይተው አያከብሩም፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ 6 ያከብራሉ። ያ ቀን የእኛ ገና ዋዜማ ነው። በቅልቅል ቤተሰብ ያለችው ያቺ ልጅ በዚያ ዕለት ከአባቷ ጋር ሱርፕ ኬቮርክ ቆማ ውሃው ሲባረክ ታያለች፤ ማታውን ደግሞ ነጠላዋን ለብሳ ከእናቷ ጋር ወደ ታላቁ ጊዮርጊስ ትወጣለች። እናቷ ከጠዋቱም እዚያ ነበረች፤ ከኋላ፣ በሴቶቹ ወገን፣ የማይገባትን ቅዳሴ ጫማዋን አውልቃ ስትሰማ።